ሃምሳ አለቃ ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ

ሃምሳ አለቃ ሥራውን ያቆመው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤቱ በር ሃያ እርምጃ ሲቀረው ነው። ዝም ብሎ ቆመ። ሐረገወይን የብረት እጀታውን ወደፊት ገፋ አደረገችው። "ወደፊት!" አለችው። ወይ ፍንክች። ትንሽ ቆይቶ በስተግራ በኩል ፍየል ጮኸች፣ ውሻው ተፈተለከ፣ እሷም እጀታውን ሳትለቅ ተከትላው ሄዳ ቦይ ውስጥ በጉልበቷ ተደፋች።

ተማሪዎቹ ሮጠው አነሷት። ጉልበቷ ተልጧል፣ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ እሷ ግን ስለ ጉልበቷ አላሰበችም። ያሰበችው ስለ ቤቷ በር ነበር። ይህ ውሻ ሥራ ካቆመ እንደገና ከዚያ በር ጀርባ ልትቀመጥ ነው።

ሐረገወይን ነገሌ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። በከተማው ከሾፌር እስከ ዳኛ የእሷን ቁንጥጫ ያልቀመሰ የለም። "ተሳስተሃል" ማለት እንጂ "ተሳስቻለሁ" ማለት አልለመደችም። ስድሳ ዓመት ሳይሞላት ግላኮማ የሚሉት በሽታ ዓይኗን ቀስ በቀስ ወሰደባት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደጃፏ አልራቀችም። ሰው እጇን ይዞ ሲመራት እንደ ጆንያ የተሸከሟት ይመስላት ነበርና፣ መመራት ከሚሉት ነገር መቀመጥን መረጠች።

ከዚያ በር ያወጧት ባሻ ዋሪዮ ናቸው። ባሻ የቦረና ሰው ናቸው፤ በሠራዊቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ውሻ ሲያሠለጥኑ ኖረው በጡረታ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ሦስቱም ልጆቻቸው ሒሳብ የተማሩት ከሐረገወይን ነው። አንድ ቡናማ ቡችላ ይዘው ዓመት ሙሉ ለፉበት፤ መኪና ሲመጣ መቆም፣ ቦይና ደረጃ ሲያይ መቆም፣ ከሰው መሐል ሰፊውን መንገድ መምረጥ አስተማሩት። የደረት ማሰሪያውን ከበሬ ቆዳ ሰፍተው፣ ከላይ የብረት እጀታ አስበየዱለትና "ዩኒፎርም" አሉት። ማዕረጉንም እሳቸው ናቸው የሰጡት። "ተራ ወታደር አስተማሪ አይመራም" ብለው ሃምሳ አለቃ አደረጉት።

እውነትም ሹመቱን የሚያስከብር ውሻ ነበር። ጭራውን በከንቱ አይቆላም፤ ለሌላ ውሻ መልስ አይሰጥም። ኢክራን ሱቅ ሲደርሱ፣ ውሻ ልብሷን ከነካት ለሶላት መቀየር እንዳለባት የነገረው ያለ ይመስል፣ ከደጃፉ ሁለት ክንድ ርቆ ይቀመጣል። ኢክራንም "ከባሌ ይልቅ እሱ ያከብረኛል" እያለች ስኳሩን ትመዝናለች። በእሱ ነው ሐረገወይን ቤተ ክርስቲያን የምትስመው፣ ገበያ የምትወጣው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ሄዳ ልጆቹን የቃል ሒሳብ የምታስተምረው። አሥራ አራት ወር እንዲህ ኖሩ።

ባሻ ዋሪዮ መውደቋን ሰምተው ከሰዓት በኋላ መጡ። እሷን ሰላም ብለው ወዲያው ወደ ውሻው ጎንበስ አሉ። ጆሮውን አዩ፣ አፉን ከፍተው አዩ፣ የፊት እግሩን ሲያነሱ ግን ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ምን አገኙበት?" አለች።

"እግሩን ልሶ ልሶ ጠጉሩን ጨርሶታል። ቆዳው ቀልቷል።" እግሩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። "ቲቸር፣ ይሄ ውሻ መጨረሻ የሮጠው መቼ ነው?"

"ዛሬ ጠዋት ነዋ። እኔን ቦይ ውስጥ ጥሎ።"

"እኔ እየቀለድሁ አይደለም።"

ቀልዱ አላዳናትም። እውነቱን ተናገረች፤ አንድም ቀን ፈትታው አታውቅም። ቀን ዩኒፎርሙን ይለብሳል። ማታ ከአልጋዋ እግር ጋር በሁለት ሜትር ሰንሰለት ይታሰራል። ሌሊት ስትነቃ እጇን ሰዳ ሰንሰለቱን ትነካለች፤ ከተወጠረ አለ ማለት ነው።

"ሠራዊት ውስጥ እንኳ ውሻ ጠዋት ጠዋት ይለቀቃል" አሉ ባሻ። "ሮጦ፣ አሽትቶ፣ አፈር ላይ ተንከባሎ ነው ወደ ሥራ የሚገባው። ያልተጫወተ ውሻ አእምሮው ይታመማል ቲቸር። ዛሬ ፍየል ነው፤ ነገ መኪና መሐል ጥሎዎት ይሄዳል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይህን ሳልነግርዎት መሄድ አልነበረብኝም።"

"ከእጄ ከወጣ አይመለስም ባሻ። እኔ አውቃለሁ።"

የተናገረችው ስለ ውሻው ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

ዮርዲ አንድ ልጇ ናት። ሜጋ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና ከተቀጠረች አራት ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ሦስት ቀን ልትቆይ መጥታ ነበር። እናትዬዋ በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን ሠራች? ዱሮ ተማሪዋ የነበረ አንድ የቢሮ ሰው ቤቷ ጠርታ፣ በዮርዲ ስም ወደ ነገሌ የዝውውር ማመልከቻ አስጻፈች። "እናቴ ማየት ስለተሳናቸው" ይላል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ምናልባት ብላ የልጅቷን ሻንጣም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ዮርዲ ወረቀቱን ስታገኘው አልጮኸችም። ሻንጣዋን አስከፍታ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ትደውላለች። ለገና? ተረኛ ነኝ። ለፋሲካ? ተረኛ ነኝ እማዬ። ሐረገወይን የሒሳብ ሰው ናትና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያሰልስ ተረኛ የሚሆን ሰው እንደሌለ ታውቃለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ውሻውን ከአልጋዋ እግር ጋር ያሰረችው በዚህ ምክንያት ነው።

"እሺ ይለቀቅ እንበል" አለች በመጨረሻ። "የት ነው የሚለቀቀው? መንገዱ መኪና ነው። ገበያው ድንጋይ ወርዋሪ ነው። ሜዳው የሰው ፍየል ነው።"

"ካሎ አለ" አሉ ባሻ።

ካሎ የቦረና መንደር ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ ሣሩን የሚጠብቅበት መስክ ነው። ለጥጆችና አቅም ላነሳቸው ከብቶች የተተወ ነው፤ ጤነኛ በሬ ያስገባ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የባሻ መንደር ካሎ ከከተማው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ጠባቂውም የባሻ የአጎት ልጅ፣ ሰማንያ ዓመት የደፈኑት አቦ ጋልጋሎ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ሊለምኗቸው ሄዱ።

"አካም ቡልታኒ፣ ቲቸር" አሉ ሽማግሌው።

"ናጋ፣ አቦ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

ባሻ ጉዳዩን በኦሮምኛ አስረዷቸው። ጋልጋሎ አድምጠው ጨረሱ። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእሷ፣ "ካሎ የጀቢ ነው። የጥጃ። ሰሬ፣ ውሻ፣ ሣር አይበላ፤ ምን ያረጋል?" ብለው ጠየቁ።

"ይሮጣል፣ አቦ።"

"ከብት ያባርራል?"

መዋሸት ትችል ነበር። "አንዲት ፍየል አባርሯል" አለች።

"አንቺስ ያኔ የት ነበርሽ?"

"ቦይ ውስጥ።"

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። "ካሎ የሚገባ የደከመ ነው። ደንባችን ነው። ይሄ ሰሬ ደክሟል?"

ሐረገወይን እጇን ወደ ውሻው ጀርባ ሰደደች። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ይህን ጠይቃው እንደማታውቅ የገባት ያን ጊዜ ነው። "ደክሟል፣ አቦ" አለች። "አድክሜዋለሁ።"

"እንግዲያ ይግባ። ጥጆቹ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይገባሉ፤ እሱ በፊት ይውጣ። አንድ ቀን ከጥጃ ጋር ካገኘሁት ግን፣ በቃ። ያንቺንም የዋሪዮንም ስም አላውቅም።"

ባሻ ሁለት ቀን አጥሩን ሲዞሩ ዋሉ። ቀበሮ የምትሾልክበትን ቀዳዳ ሁሉ በእሾህ ደፈኑ፤ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞሉ፤ የወደቀ አጥንትና ሽቦ ለቀሙ። ከፍየል አንገት አንዲት ትንሽ ቃጭል ፈተው አመጡላት። "ይቺ ዓይንዎ ናት" አሏት። "ቃጭሏ ካለች ጨዋታ ነው። ዩኒፎርሙ ካለ ሥራ ነው። እሱ ልዩነቱን በአንድ ቀን ያውቃል። ትእዛዙ 'አሳርፍ' ነው፣ ሰልፍ ላይ እንደምንለው። ደግሞ በየመሐሉ ይጥሩት። ቋንጣ ይስጡትና መልሰው ይልቀቁት። ይህን አይርሱ።"

እሁድ ማለዳ፣ ገና ጤዛው ሳይነሳ፣ ባሻ በሩ ጋ ቆሙና እሷ ወደ ውስጥ ገባች። ቃጭሏን አሰረችለት። ዩኒፎርሙን ስታወልቅለት ከማሰሪያው ሥር ያለው ጠጉር ታሽቶ ተጣብቆ አገኘችው። እጇ አንገቱ ላይ ቆየ።

"አሳርፍ" አለችው፤ በሹክሹክታ።

መጀመሪያ ምንም አልሰማችም። ውሻው ያልገባው መሰላት። ከዚያ ቃጭሏ አንድ ጊዜ ቅጭል አለች፤ ደግማ ቅጭል አለች፤ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አጣች። በግራዋ ሄደ፣ ከኋላዋ ዞረ፣ በቀኟ እንደ ንፋስ አለፈና ቀሚሷን አወዛወዘው። ሣሩ ላይ ሲንከባለል ሰማችው። ሲያነጥስ ሰማችው። ያ ኮስታራ፣ ያ ጭራውን በቁጠባ የሚቆላ ሃምሳ አለቃ፣ እንደ ቡችላ ጮኸ። ሐረገወይን ሳታስበው ሳቀች፤ እየሳቀችም አለቀሰች። አሥራ አራት ወር አብራው ኖራ ድምፁ እንዲህ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ነገር ግን ደስታው ውስጥ ፍርሃቱ አለ። ቃጭሏ በራቀች ቁጥር ቋንጣውን ኪሷ ውስጥ ትጨብጣለች። ስለዚህ እስክትችል ታገሠችና አንድ ጊዜ ብቻ ጠራችው፤ "ሃምሴ፣ ና!" መጣ። ቋንጣውን ከሰጠችው በኋላ እጇ አንገቱን ያዘ። ያዘና መልቀቅ አቃተው። የባሻን ምክር አልረሳችውም፤ አንዴ ከመጣ በኋላ መልሶ መስደድ ግን የማይሆን ነገር መሰላት። ዩኒፎርሙን አለበሰችውና ወጡ። ባሻ በሩ ጋ "በየመሐሉ ጠሩት?" ሲሏት "አዎ" አለች። ሒሳብ አስተማሪ ስትዋሽም አጭር ነው መልሷ።

ሰኞ አራት ጊዜ ከተጠራ በኋላ ነው የመጣው። ማክሰኞ አልመጣም።

ጠራችው። ቃጭሏ እየቀረበች እየቀረበች መጥታ ከአሥር እርምጃ ላይ ቆመች። ትንፋሹ ይሰማታል። አንድ እርምጃ ስትጠጋ ቃጭሏ አንድ እርምጃ ራቀች። "ሃምሴ!" ድምፏ ተሰነጠቀ። "ና ብዬሃለሁ! ና!" ቃጭሏ ጭራሽ ወደ መስኩ መሐል ሸሸች። ከአጥሩ ውጭ ጥጆቹ መጥተው ሲጮኹ ሰማች፤ የጋልጋሎ በትር መሬቱን ሲነካ ሰማች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ሞቅ ብላለች። በቃ፤ ካሎውም ሊቀር ነው፣ ውሻውም ሊቀር ነው።

"ባሻ! ያዙልኝ! እባክዎን ሮጠው ያዙልኝ!"

ባሻ መጡ፤ አልሮጡም ግን። "ይቀመጡ ቲቸር" አሉ።

"ምን?"

"መሬት ላይ ይቀመጡ። ዩኒፎርሙን ከኋላዎ ይጣሉት። የብረቱ ድምፅ ነው ያሸሸው።" ስትቀመጥ አጠገቧ ተቀመጡ። "አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ሲጠሩት ምን ያደርጉታል?"

"ዩኒፎርሙን አለብሰዋለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ታዲያ ለሌላ ለምን እጠራዋለሁ?"

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሰማችው። ቁም ሣጥኑ ታያት፤ ቁልፉ፣ ሻንጣው፣ ፊርማ ብቻ የቀረው ወረቀት። ነይ ብላ ጠርታ ያልያዘችው ማን አለ? ልጅቷ ሁለት ዓመት ከአሥር እርምጃ ላይ ቆማ የኖረችው በማን ጥፋት ነው?

"ተሳስቻለሁ" አለች ሐረገወይን። ነገሌ ይህን ቃል ከእሷ አፍ የሰማው ያን ቀን ነው፤ የሰሙትም ባሻ፣ አንድ ሽማግሌና አሥራ ሁለት ጥጆች ናቸው።

ባሻ ወደ በሩ ዞረው በኦሮምኛ ጮክ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ። ጋልጋሎ ከውጭ መለሱላቸው። "ጀቢዎቹን እይዛለሁ ይላሉ" አሉ ባሻ። "የደከመውን አንቸኩልበት ይላሉ።"

ተቀመጡ። ማንም አልጠራም። ጤዛው ቀሚሷን አርሶ ወደ ጉልበቷ ቁስል ደረሰ። ጥጆቹ እናቶቻቸውን ሲጣሩ ቆዩና ሰለቻቸው። ምን ያህል እንደቆየ አታውቅም፤ እሷ ሰዓት መቁጠር የምትወድ ሴት፣ ያን ጠዋት መቁጠር ረሳች። ከዚያ ከኋላዋ ቅጭል አለ። አልዞረችም። እርጥብ አፍንጫ አንገቷን ነካት።

ከኪሷ ቋንጣ አወጣች። ሲበላ እጇ ራሱ ሄዶ አንገቱን ያዘ።

"ይልቀቁት" አሉ ባሻ በቀስታ።

"አሁን ከለቀቅሁት . . ."

"አውቃለሁ። ይልቀቁት።"

ሦስት ጣቶቿ ተፈቱ። አራተኛው ዘገየ። ባልዋን ስትቀብር እንኳ እንዲህ የከበዳት አይመስላትም። "አሳርፍ" አለች፤ ቃጭሏም ሄደች። እስከ መስኩ ጫፍ ሄደች። ሐረገወይን ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ባሻ "አሁን" እስኪሏት ጠበቀች። ጠራችው። እየበረረ መጣ፤ ቋንጣዋን በላ፤ ለቀቀችው። ጠራችው፤ መጣ፤ ለቀቀችው። በአምስተኛው ላይ እየሳቀች ነበር። በዘጠነኛው ላይ ሳትጠራው መጣ። በአሥረኛው ዩኒፎርሙን ከፍታ ያዘችለት፤ ሃምሳ አለቃ ራሱ አንገቱን አስገባ።

በሩ ላይ ጋልጋሎ በትራቸውን አነሱላት። "ነገም አምጪው" አሉ።

ወደ ከተማ ሲገቡ ጆሮዎቹ ቆመው፣ እርምጃው ልክ ሆኖ፣ በየቦዩ ላይ እየቆመ መራት። ኢክራን ሱቅ ጋ ስትደርስ ግን ቁጭ አለችና ስልኳን አወጣች። እሁድ አይደለም፤ ዮርዲ ደንግጣ አነሳችው።

"እማዬ! ምን ሆንሽ?"

"ምንም አልሆንኩም። ቅዳሜ ነይ።"

ያ የለመደችው ድምፅ መለሰ፣ "ቅዳሜ እኮ ተረ . . ."

"እሁድ ትመለሻለሽ። የመመለሻ ትኬትሽን ዛሬ ቆርጬ አስቀምጣለሁ። ሻንጣ አታምጪ፤ ፌስታል ይበቃሻል።" ትንፋሿን ዋጠች። "ያንን ወረቀት ቤት ስገባ እቀድደዋለሁ ዮርዲዬ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ናፍቀሽኛል፤ ሌላ ምንም የለውም።"

ስልኩ አልተዘጋም። ሜጋ ላይ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ከእሱም ቀጥሎ ልጇ ስታለቅስ ይሰማታል።

ቅዳሜ መጣች። ፌስታል ይዛ መጣች። ስለ ሜጋ፣ ስላዋለደቻቸው መንታዎች፣ አንድ አስተማሪ ጓደኛ ስለመያዟም አወራች፤ እናትዬዋ "ምን ያስተምራል?" ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ሒሳብ አለመሆኑን ስትሰማም ቻለችው። እሁድ ማለዳ ሁለቱም ካሎ ሄደው ውሻው ሲጫወት ሰሙ። ከዚያ ሃምሳ አለቃ ሁለቱን ወደ መናኸሪያ መራቸው።

ረዳቱ "ሜጋ! ሜጋ!" እያለ ይጮሃል። ሐረገወይን የልጇን ክንድ ይዛለች። መያዟን አወቀችና ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች፤ ከአራተኛው ጣት ጋር ትንሽ ታገለች። ከዚያ የምታደርገው ስለጠፋት፣ ኪሷ ውስጥ የነበረችውን ቋንጣ በሙሉ አውጥታ ልጅቷ እጅ ውስጥ አስቀመጠች።

"እማዬ፣ ይሄ የውሻው አይደለም እንዴ?"

"ለመንገድ ነው። ግቢ፣ መኪናው ይሄዳል።"

ዮርዲ ስቃ ሳመቻትና ተሳፈረች። በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ተነሳ፤ ጎማው ጠጠሩን ማንቀሳቀስ ሲጀምር ሐረገወይን ፊቷን ወደ ከተማው መለሰች። ሦስት እርምጃ እንደሄደች ሃምሳ አለቃ ቆመ። "ወደፊት" አለችው፤ አልተንቀሳቀሰም፤ ጭራው ብቻ እግሯን ይመታል። ከኋላ ረዳቱ "ኧረ ወይዘሪት!" እያለ ሲቆጣ፣ ቀጥሎም የሚሮጥ የጫማ ድምፅ ተሰማት።

"ዕቃ ረሳሽ?" አለች።

"አልረሳሁም" አለች ዮርዲ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። "ለመስቀል እመጣለሁ።"

ሐረገወይን አቀፈቻት፣ ጠረኗን ሳበችና እጆቿን ከፈተች። "በይ ሂጂ" አለቻት።